አልቃሻ በረዶ

በበረዶ ፋብሪካው ውስጥ «ቀለጠ» የሚል ሰው የለም። በረዶ ከጎኑ ውሃ ማንጠባጠብ ሲጀምር «አለቀሰ» ነው የሚባለው። አልቃሻ በረዶ መኪና ላይ አይጫንም፤ ሥጋ ቤቶችም አይቀበሉትም፤ ዕድለኛ ከሆነ ተሰባብሮ የመጠጥ ቤት ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ቃሉን ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ከሁሉም አጥብቆ የያዘው ግን የጨው ገንዳው ጠባቂ ነበር፣ ውርጩ የሚሉት። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ነገር ግን ሚስቱ እንኳ አትጠራበትም።

ለምን ውርጩ እንደተባለ ሲጠየቅ ሁለት መልስ ይሰጣል። ለእንግዳ የሚነገረው፣ ከበረዶ ማከማቻው ሲወጣ ጺሙ ነጭ ስለሚሆን ነው የሚለው ነው። ሠራተኞቹ እርስ በርስ የሚንሾካሾኩት ግን ሌላ ነው፤ አባቱ የሞተ ዕለት አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ ዐይኑ ሳይረጥብ ዋለ ይላሉ። ጨካኝ ሆኖ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ከጠብታ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው፤ ጠብታ ከየትም ይምጣ ከየት እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል። ሰርግ ደምቆ «ሰፈሩ ቀለጠ» ሲባል እንኳ ፊቱ ይጨማደድ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በፋብሪካው ወለል ውስጥ አንድ ትልቅ ገንዳ አለ፣ ጨው ውሃ የሞላበት። ማሽኑ ያንን ውሃ ያቀዘቅዘዋል፤ ጨው ስላለበት ግን የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ አይጠጥርም። ንጹሕ ውሃ የተሞሉ ረጃጅም ቆርቆሮዎች እዚያ ውስጥ ተነክረው ይቆያሉ፤ ሲወጡ በውስጣቸው ያለው ውሃ ድንጋይ ሆኗል። ጨው ካነሰ ገንዳው ራሱ ይረጋና ማሽኑ ይታነቃል፤ ከበዛ ደግሞ ቱቦው ይበላል። ልኩን የሚያሳይ መለኪያ ነበር፤ ውርጩ ግን ጣቱን ነክሮ መቅመስ ይቀናዋል። «በረዶን የሚወልደው ጨው ነው» ይላል አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር። ማሽኑን ረስቶት አይደለም። ማሽኑ የሌላ ሰው ሥራ ስለሆነ፣ ሰው ደግሞ የእጁን ሥራ አስበልጦ ማየት ስለሚወድ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏም እንደ መቀሷ የተሳለ። የተዋወቁት ለሠራተኞቹ የሸራ ሽርጥ ልትለካ ፋብሪካ በመጣች ቀን ነው። ሌላው ሁሉ ሲለካ እየቀለደ ነው፤ ውርጩ ግን እጁን ከጎኑ አጣብቆ እንደ ምሰሶ ቆመ። «ክንድህን አንሣ እንጂ፣ ብብትህ ውስጥ የምሰርቀው ነገር የለም» አለችው። አነሣ። ከዚያ ወዲህ አውርዶት አያውቅም ትል ነበር እሷ፣ ስታወራው፤ ያለችውን ሁሉ ያደርግላታል ማለቷ ነው። ልጅ አልወለዱም። ፊት ለፊት ባለችው ክፍል የስፌት መኪናዋ ተቀምጣለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋቸው አለ፤ ከጓሮ ደግሞ ትንሽ ማድ ቤት። እሷ ስታወራ እሱ ያደምጣል፤ አልፎ አልፎ «እንዴታ» ይላል። ትዳራቸው እንዲህ ነበር፤ ሞቅ ያለ ነበር ቢባል ማንም አያምንም እንጂ ሞቅ ያለ ነበር።

የስኳር በሽታው የያዛት ከተጋቡ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጠዋት ማታ መርፌ እንደሚያስፈልጋት ሲነገራት፣ «እኔና መርፌ አንተፋፈርም» ብላ ሐኪሙን አሳቀችው። መድኃኒቱን የምታመጣው ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቁ ሆስፒታል ነው። የሚሰጣት ሰው ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር ነበር፤ «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።» ምን ያህል ቀዝቃዛ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ምን ያስጠይቃታል? ቤት ያለችው ማቀዝቀዣ ቁም ሣጥን ነች ማለት ይቻላል፤ ቅቤ እንኳ ጠንከር አታደርግም። ውርጩ ያቺን ማቀዝቀዣ ባየ ቁጥር ያፍር ነበር። የበረዶ ሰው ቤት ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ይጠጣል ብለው እንዳይስቁበት፣ እንግዳ ሲመጣ በሯን አያስከፍትም።

በዚያ ዓመት ዝናቡ አላባራ አለ። ወንዙ ሞልቶ የሰው ወንበርና የዶሮ ቤት ይዞ ሲወርድ፣ ሕዝቡ ዳር ቆሞ እየተሳሳቀ ያይ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ሳቁ ሳያልቅ ድልድዩ ሄደ። የመብራቱ ምሰሶም አብሮ ሄደ፤ ስልኩም ተከተለ። ውርጩ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ ማሽኑ ሲቆም ጆሮው ውስጥ የገባው ዝምታ አስደነገጠው። መጀመሪያ እጁን ገንዳው ውስጥ ነከረ። ገና ቀዝቃዛ ነበር። ቀጥሎ ወደ ማዶ መሻገር እንደማይቻል ትዝ አለው፤ ቤት ያሉት ሁለት የመድኃኒት ብልቃጦችም ትዝ አሉት።

ሥራ አስኪያጁ የቀረውን በረዶ ለሠራተኞቹ አከፋፈለ፤ ውርጩ ድርሻውን በጆንያ ጠቅልሎ በጋሪ ወደ ቤቱ ወሰደ። ከጣውላ ሣጥን ሠራ፤ ውስጡን በቆርቆሮ ለበጠ፤ በጣውላውና በቆርቆሮው መካከል ሰጋቱራ ጠቀጠቀ። ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ትንሽ ጣሳ ውስጥ ከተታቸው፤ ጣሳውን በተፈለጠው በረዶ መካከል አስቀመጠ። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ትታ ቆማ ታየዋለች። ሃያ ዓመት ስትለምነው ያልጠገነውን የጓሮ በር እያሳየች፣ እጅህ ለካ ጣውላ ያውቃል አለችው። እሱ ደስ ብሎት ነበር።

ሣጥኑ እንደ ተመኙት ሠራ። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይወጣል፤ ትወጋለች፤ ደህና ትውላለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ውርጩ የሚያየው ሌላ ነው። በረዶው ያለቅሳል። በሣጥኑ ሥር ውሃ ይጠራቀማል፤ ይቀዳና ይደፋዋል፤ ተመልሶ ይጠራቀማል። በረዶው በየዕለቱ እየሳሳ ሄደ፤ ወንዙ ግን አልጎደለም። ማታ ማታ ክዳኑን ከፍቶ ያያል፤ መክፈቱ ራሱ እንደሚጎዳ እያወቀ ይከፍታል። ከሚስቱ ነፍስ የሚንጠባጠብ እስኪመስለው ድረስ የዚያ ውሃ ድምፅ እንቅልፍ ነሣው።

በመጨረሻ ያመነው ሥራውን ነው። ሰው ሲጨንቀው ወደሚያውቀው ይሮጣል፤ ውርጩ የሚያውቀው ደግሞ ጨው ነው። ጨው ቅዝቃዜን ያበረታል፤ ቅዝቃዜው ከበረታ በረዶው ይቆያል፤ እንዲህ ነበር ያሰበው። ማድ ቤት ያለው ጨው የት እንደሆነ ጠየቃት። ራሷ አምጥታ ሰጠችው፤ «መድኃኒትም ጨው ያንሰዋል ወይ?» አለችው። እሱም እንደ ገንዳው ልክ፣ በእጁ እየበተነ፣ በረዶው ላይ ነሰነሰው። ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ልክ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ሲከፍት ያየውን ማመን አቃተው። ጣሳው ከውጭ ነጭ ውርጭ ለብሷል፤ ልክ የፋብሪካው ቱቦ ጥሩ ሲሠራ እንደሚለብሰው። ጣቱ ሲነካው ተጣበቀ። ውርጩ ሳቀ። በድምፅ ነው የሳቀው፤ ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ምን ሆነህ ነው ብላ መጣች። ጣሳውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ አሳያት። እሷ ብልቃጡን አውጥታ ገለበጠችው፤ ውስጡ ያለው አልተንቀሳቀሰም።

«ጠጥሯል እኮ» አለች።

«ይበልጥ ይቆያል ማለት ነው» አላት።

ብልቃጡን በመዳፏ አሽታ አሟሟቀችው፤ ሲቀልጥ ቀድሞ ያልነበረ ብናኝ ይታይበታል። ለአፍታ አየችው፤ እሱንም አየችው። ከዚያ መርፌዋን ሞላችና እንደ ወትሮው ሆዷ ላይ ወጋች።

በዚያ ቀን ማታ ውሃ ጠማት። ጠጣች፣ አልበቃትም። ሌሊቱን ስትነሣ ስትተኛ አደረች። በበነጋው ከመኪናዋ ፊት ተቀምጣ ክሩን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት አቃታት፤ ዐይኔ ደከመ አለች። ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ የቀረው በረዶ ጥቂት ብቻ ነበር። ጨው የተነሰነሰበት በረዶ ከቀድሞው ሁሉ ፈጥኖ አልቋል። ውርጩ ሁለቱንም ብልቃጦች በኪሱ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለችው አንዲት ወጣት ነርስ ናት። እንዲህ ያለው መድኃኒት እሷ ዘንድ የለም፤ ከማዶ ካልመጣ የትም የለም። ብልቃጡን በመስኮቱ ብርሃን ትይዩ አንሥታ ነቀነቀችው፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ በረዶው ላይ ምን አደረጉበት?»

ነገራት። ብልቃጦቹን መልሳ ሰጠችው። ልትቆጣው እንደምትችል ያስታውቃል፤ አልተቆጣችም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው።

«ይህ መድኃኒት ሙቀትም ይገድለዋል፣ መጠጠርም ይገድለዋል» አለችው። «በረዶ ዝም ብሎ ሲቀልጥ እኮ ደግ ነው። እስኪያልቅ ድረስ ከዚያው ቅዝቃዜ ዝቅም ከፍም አይልም፤ የሚመጣበትን ሙቀት ሁሉ ለመቅለጡ ይበላዋል። ጨው ሲጨምሩበት ግን ቶሎ ይቀልጣል፤ ለዚያ የሚሆነውን ሙቀት አጠገቡ ካገኘው ነገር ሁሉ ይነጥቃል። ከመድኃኒቱም ነጠቀ። ቢተዉት ኖሮ...» አለችና አቋረጠች።

አልጨረሰችውም፤ እሱ ግን ጨረሰው። ስንት ዘመን በረዶ ፀሐይ ላይ ሲጭን ኖሯል። ከበረዶው ሥር የሚወርደው ውሃ እግሩን ሲነካው ጠዋትም ሆነ ቀትር ያው ቅዝቃዜ ነው፤ ፀሐዩ የቱንም ያህል ቢያቃጥል፣ የመጨረሻዋ ስባሪ እስክትሄድ ያው ነው። እግሩ ያውቀው ነበር። ያ ሁሉ ልቅሶ መድኃኒቱን ሲጠብቅ ነበር እንጂ ሲጠፋ አልነበረም፤ ይህን ነገር ጭንቅላቱ ዛሬ ሰማ። ነርሷ ወንበር ሳበችለት።

የወንዙ ዳር ሰዎች ገመድ ለመዘርጋት እየሞከሩ መሆኑን፣ ጀልባ በተንቀሳቀሰ ቅጽበት ተሻግራ መድኃኒቱን እንደምታመጣ ነገረችው። እስከዚያው እሳቸው ውሃ ይጠጡ፣ እንዳያቋርጡ አለችው። ዕለቱንም አብራው መጥታ ሚስቱን አየቻት፤ እጇን ይዛ አጫወተቻት። ስትወጣ ግን በሩ ላይ ለውርጩ ያሳየችው ፊት ሌላ ነበር። እሷም ያላት ነገር ቢኖር ውሃና ቃል ብቻ ነበር፤ ያንን ሰጥታ ሄደች።

ውርጩ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። እንዴት ብሎ እንደሚነግራት አላወቀም። ሲነግራት ደግሞ ያለ ጌጥ ነገራት፤ መድኃኒቱን እኔ ገደልኩት አላት።

«አውቄ ነበር» አለችው። «መጠርጠሩንስ ገና ትናንት ጠዋት ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስትስቅ አየሁህ። እንዲያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም፤ እንዴት ላቋርጥህ?»

ከዚያ ብልቃጡን አምጣልኝ አለችው። ሞቷል እኮ አላት። ግማሹ በሕይወት ይኖር ይሆናል፤ ከመሞት መሰንበት አለች፤ መርፌውን ሞልታ እሱ እያያት ወጋች። ለራሷ እንዳልሆነ ያውቃል። እሱ ሌሊቱን አንድ ነገር ይዞ እንዲያድር ብላ ነው። እንዲህ ያለ ደግነት ከስድብ ይልቅ ይከብዳል፤ ውርጩም ከብዶት አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ጠፋ። ወንዝ ዳር ሄዶ ጀልባ ያለውን ሰው ለመነ፤ ሰውዬው ማዕበሉን በእጁ አሳየው። ሸክም ተሸካሚዎችን ጠየቀ፤ ወዴት ነው የምንሸከማት አሉት፤ ልክ ነበሩ። ጎረቤቶች እየመጡ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ አታስብ አሉት። እሱ ደግሞ ከዚያ ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም። ጓሮ ገብቶ ያንን የተጣመመ በር ሊጠግን ጀመረ፤ ምስማሩ ከእጁ እየወደቀ አስቸገረው፤ ተወው።

ሣጥኑ ውስጥ ጨው ያልነካት አንዲት ስባሪ በረዶ ቀርታ ነበር፤ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍና የተረፈች። አጠባት፤ ሰባበራት፤ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ውሃ ጨመረባት። ሚስቱ ስትጠጣ ዐይኗን ጨፈነች።

«ውርጬ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ቤታችን ውስጥ ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነው» አለችው።

በረዶው እስኪያልቅ እንዲህ አጠጣት። እስትንፋሷ የበሰለ ፍሬ ይሸት ጀመር፤ ነርሷ እንዲህ ያለ ሽታ ከመጣ ደግ አይደለም ብላው ነበር። አስመለሳት። አተነፋፈሷ ጥልቅና ፈጣን ሆነ፤ አቀበት እየወጣች ያለች ይመስል። ማውራት የማይታክታት ሴት ዝም አለች፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማውራት የእሱ ተራ ሆነ። ምን እንደሚያወራ አያውቅም። ስለ ገንዳው አወራላት፣ ስለ ማሽኑ፣ ሽርጥ ልትለካው ስለመጣችበት ቀን። አንድ ጊዜ ጣቷን ያንቀሳቀሰች መሰለው፤ ክንዱን እንዲያነሣ የምትጠይቀው መስሎት አነሣ። ማንም ስላላየው አላፈረም። ጎሕ ሲቀድ እጇ በእጁ ውስጥ ነበር፤ ሙቀቱ ከእጇ ሲሄድ ይሰማው ነበር፤ የእሱን ሁሉ ቢሰጣት አልያዘችውም። ያን ጊዜ አለቀሰ። ልቅሶውን ሰምታ የመጣች ጎረቤት ለዘመድ ልትናገር ወጣች፤ እሱም ፊቱን ሳይጠርግ ፊት ለፊት ክፍል መጥቶ ተቀመጠ።

ነርሷ የመጣችው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ትከሻዋ ላይ ሣጥን። ገመዱ እንደ ተዘረጋ በመጀመሪያው ጀልባ ተሻግራ በዚያው ተመልሳለች። መንገድ ላይ ማንንም አላገኘችም። «ደረስኩ ጋሼ» አለች እያለከለከች፤ ሣጥኑን የስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጣ ከፈተችው። ውስጡ ግማሹ ውሃ ነበር፤ የበረዶ ስብርባሪ ተንሳፍፎበታል። ከመካከሉ በላስቲክ የታሰረ ጨርቅ አወጣች፤ ከጨርቁ ውስጥ ብልቃጥ።

ውርጩ ተነሥቶ አጠገቧ ቆመ። ማታ እንዴት አደሩ፣ ስንት ጊዜ አስመለሳቸው ብላ ጠየቀችው፤ ዝም አላት። የደነገጠ መስሏት አልገፋችም፤ እየተጣደፈች እጇን በአልኮል ጠረገች። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣች። እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነበር። መርፌውን ሞላች፤ በጣቷ መታ መታ አድርጋ አየሩን አስወጣች፤ ልኩን አየች። ውርጩ እያንዳንዱን ነገር ዐይኑን ሳይነቅል ተከታተለ። ነርሷ መርፌውን ይዛ መጋረጃውን ልትገልጥ ስትል ነው ክንዷን የያዛት።

«ተይው ልጄ» አላት። «ጎሕ ሲቀድ አርፋለች። ደህናው መድኃኒት ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።»